የእማዬ ኮምፒውተር

ዛሬ ኔዘርላንድስ፣ ዴን ሃግ ከተማ ባለው መሥሪያ ቤቴ አዲስ ላፕቶፕ ሰጡኝ። ስከፍተው ስሜን ጠየቀኝ፤ ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ሮተርዳም ከተማ፣ ዙይድ በሚባለው ሰፈር ነበር። እማዬ ያረፈች ሰሞን አባዬ ልብሷን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠና ኮምፒውተሯን ሊያጸዳ ተቀመጠ። የእሷ ፎቶዎችና መዝሙሮች ብቻ እንዲቀሩ ፈልጎ የማያውቀውን ፋይል ሁሉ አጠፋ። ለካ ያጠፋው ኮምፒውተሩ ራሱ የሚነሳባቸውን ፋይሎች ነበር። በማግስቱ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አባዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዮናስ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን መጣልን። ፎቶዎቹንና መዝሙሮቹን በፍላሽ አወጣና ዊንዶውሱን በሲዲ እንደ አዲስ ጫነው። ሲዲው እየተሽከረከረ ሲያጉረመርም፣ የጋለ የፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አባዬ ትኩሳት የያዘውን ልጅ እንደሚዳብስ ሰው የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፉ ይዳብስ ነበር።

በመጨረሻ ስክሪኑ ስም ጠየቀ።

«ጋሼ፣ የፈለጉትን ስም ይጻፉ» አለ ዮናስ።

አባዬ ፊደሎቹን በአንድ ጣቱ እየፈለገ የእማዬን ስም ጻፈ።

«ፓፓ፣ ለምን ያንተን አልጻፍክም?» አልኩት።

«ያለ እሷ ስም አይከፈትልንም» አለኝ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር።

እኔም ለዓመታት አመንኩት።

ዛሬ የራሴን ስም ጻፍኩ። ላፕቶፑ ወዲያው ተከፈተ። እንዲህ በቀላሉ መከፈቱ ነው ያስለቀሰኝ።