ከከሚሴ እስከ ጎንደር፣ መስኮት ዳር

ከከሚሴ የተነሳነው ሱብሂን ሰግደን ነው፤ እኔና ልጄ ሀያት። ሀያት ገና የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ እይታዋ ከዳር ከዳሩ እየጨለመ መጥቷል። ደሴ ያያት ሐኪም ወደ ጎንደር ላካት። ይህን ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እማዬ፣ በሐይቅና በተራራው በኩል እንሂድ። የፋሲልን ግንብም አሳዪኝ። ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል።"

መንገዱን ያቀድኩት እኔ ነኝ። ብዙ አልተማርኩም፤ መናኸሪያ እየሄድኩ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር አሉኝ። ሳይመሽ የምናድርበትን ከተማ መረጥኩ። ዳቦ፣ ቆሎና ቋንጣ ሰነቅሁ። በዋዜማው ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው ወዳጃ ተቀምጠው ዱአ አደረጉልን። "ነጋን ደቢኣ፣ በሰላም ተመለሱ" ብለው ሸኙን።

እስከ ሐይቅ

እኛ ዘንድ የታመመ ዓይን ንፋስ ከነካው አለቀ ይባላል። ስለዚህ መስኮት ዳር እኔ ተቀመጥኩ፤ መስታወቱን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ የሀያትን ዓይን በሻሽ ሸፈንኩ። ሐሳቤ ዓይኗን ንፋስ ሳይነካው ለሐኪም ማድረስ ነበር። ተራራውንም ግንቡንም ድና ስንመለስ ታየዋለች አልኩ።

የጨፋ ቆላ ሙቀት መኪናውን ሞላው። ረዳቱ መጣ።

"እናታችን፣ ትንሽ ክፈቱት እንጂ።"

"ልጄ ዓይኗን ታማለች። ንፋስ አይምታት።"

ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ፣ "እንግዲህ ለአንድ ልጅ ዓይን ሁላችንም መቀቀላችን ነው" አሉ። ሰው ሳቀ። ሀያትም ከሻሹ ሥር ሳቀች።

ሐይቅ ከተማ ወርደን ውሃው ዳር ዓሣ በላን። ከውሃው ንፋስ ይመጣ ስለነበር ጀርባዋን ሰጥታ እንድትቀመጥ አደረግሁ።

"ውሃው ምን ይመስላል?" አለችኝ።

"ሰማያዊ ነው። ሰፊ ነው።"

"ይህንንማ ከሚሴ ቁጭ ብዬም አውቀዋለሁ።"

ተራራው

ከወልድያ በኋላ መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። መኪናው ወደ ጋሸና ሲወጣ ገደሉ ከጎማው ሥር ይጀምራል። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ በነቢዩ ላይ ሶለዋት አወርዳለሁ። ሀያት እጄን ይዛ "አሁን የት ደረስን?" ትላለች። "አብሽሪ፣ እየወጣን ነው" ከማለት በቀር ምንም አልነገርኳትም።

ጎንደር

አዲስ ዓለም ሰፈር የጎረቤታችን እህት ተቀበለችን። በማግስቱ ወደ ሐኪም ስንሄድ ባጃጁ በግንቡ አጠገብ አለፈ። "ስንመለስ" አልኳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ብዙ መረመረቻት፤ ከዚያ ወንበሯን አቀረበች።

"ቀዶ ጥገና የሚመልሰው ሕመም አይደለም። እይታዋ ቀስ በቀስ ይጠባል። መቼ እንደሚያበቃ መናገር አልችልም።"

እኔ የምይዘው ሲጠፋኝ፣ "ከንፋስ እንኳ በደንብ ጠብቄያታለሁ። ሻሹን ልቀጥል?" አልኩ።

"እናቴ፣ ለዚህ ሕመም ንፋስ ምንም አያመጣም" አለችኝ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ትዝ ያለኝ ጀርባዋን ሰጥታው የተቀመጠችው ሐይቅ ነው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ግንቡ ሄድን። ሀያት ሻሹን ፈታ አንገቷ ላይ ጣለችው። ከዳር ስለማይታያት ራሷን ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረች፣ በዓይኗ ከሥር እስከ ጫፍ እየወጣች፣ ግንቡን በቁራጭ በቁራጭ ሰበሰበችው። ጥበቃው "ሰዓት ደርሷል" ሲለን፣ "አንድ ማማ ቀርቷታል" አልኩት። ቁልፉን ይዞ ጠበቀን።

መልስ

ስንመለስ መስኮት ዳር እሷ ተቀመጠች። ጋሸና ላይ መስታወቱን ከፈትኩላት፤ ብርዱና አቧራው አብረው ገቡ።

"ኧረ ዝጉት፣ በብርድ አለቅን!" አለች አንዲት ሴት።

"ትንሽ ታገሡኝ፤ ልጄ እያየች ነው" አልኩ።

ሐይቅ አደርን። ጠዋት ዳሩ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጥኳትና በተራዬ "ውሃው ምን ይመስላል?" አልኳት።

"ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው፤ መሀሉ ጠቁሯል። አንድ ሰው ታንኳ ላይ ቆሞ ይቀዝፋል። አሁን ተቀመጠ።"

ከሚሴ ስንገባ ወዳጃ የተቀመጡልን ጎረቤቶች "ዳነች ወይ?" እያሉ ወጡ። "አልዳነችም። ግን አይታለች፣ አልሐምዱሊላህ" አልኳቸው።

የታመመ ልጅ ይዛ ለምትጓዝ እናት የምለው ይህን ነው፦ ለልጅሽ የምታሳዪውን ለመመለሻ አታስቀምጪው። አሁን ወደ ሰንበቴ ከተማ ለገበያ ስንሄድ እንኳ መስኮት ዳር የእሷ ቦታ ነው። አቧራ ሲገባ ዓይኔን የምጨፍነው እኔ ነኝ።