ወርቅ ብረት ነው እንዴ?

ሲቲ ስካን ክፍል በተመደብኩበት የመጀመሪያ ቀን አዴ ዘይነባ መጡ፤ መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ምላሳቸው ጎን ዕጢ በቅሏል። ቀዶ ሐኪሙ ማወቅ የፈለጉት ዕጢው የታችኛውን መንጋጋ አጥንት መንካት አለመንካቱን ነው። ከነካ አጥንቱ አብሮ ይቆረጣል።

ጌጣቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ገቡ።

«አፍዎ ውስጥ ብረት አለ?» አልኳቸው።

«ወላሂ የለም።»

አመንኩና አነሳሁ። ምስሉ ሲመጣ ከጥርሳቸው የሚፈነጥቅ ነጭና ጥቁር ሰረዝ ዕጢውንም አጥንቱንም ሸፍኖታል። ገብቼ አፋቸውን አስከፈትኩ። ከላይኛው ረድፍ ሦስት የወርቅ ጥርስ አብለጨለጨብኝ።

«አዴ፣ ብረት የለም አላሉኝም?»

«አቦ፣ ወርቅ ብረት ነው እንዴ? ለሰርጌ ያስለበስኩት ነው» ብለው እንደተሰደበ ሰው ተቆጡ።

እውነታቸውን ነው። ጠያቂ አይሳሳትም ይባላል፤ እኔ ግን ጠይቄ ተሳሳትኩ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ግርማ ምስሉን አይተው «አዲስ አበባ ይላኩ፤ እዚያ ይህን የሚያጠራ ፕሮግራም አለ» አሉ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ዕጢው ደግሞ አይጠብቅም።

«አንዴ ልሞክር» አልኩ።

«ደግመህ ጨረር ሰጥተሃቸው ባይወጣስ?»

«ሙሉውን አልደግምም፤ የታችኛውን መንጋጋ ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ኃላፊነቱ ያንተ ነው።»

የፕላስቲክ ስሪንጅ በፋሻ ጠቅልዬ አዴን በጥርሳቸው አስነከስኳቸው፤ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ራቀ። አገጫቸውን ቀና አደረግሁ። የማሽኑን ቀለበት ደግሞ በታችኛው መንጋጋ ልክ አዘነበልኩት፤ ጨረሩ ወርቁን ሳይነካ እንዲያልፍ ነው።

«ምራቅ እንዳይውጡ፣ እንዳይናገሩ» አልኳቸው። ለመጋላ ነጋዴ ሁለተኛው ነው የሚከብደው፤ እሳቸው ግን ቻሉት።

ምስሉ ጠርቶ ወጣ። ሰረዙ ወደ ላይ ቀርቷል፤ የአጥንቱ ጠርዝ ሳይቆራረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። አቶ ግርማ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩት።

«አልነካውም» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ይህን አሠራር ለሁላችንም ታሳየናለህ።» በመጀመሪያ ቀኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ ያን ዕለት ሳቢያን ሰፈር እስከ ቤቴ ድረስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ።

ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን አወጡ፤ መንጋጋው ተረፈ። አዴ ዘይነባ ከወራት በኋላ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘው መጡ። እኔን ከማጉረሳቸው በፊት አንዱን ራሳቸው አኘኩ፣ ቀስ ብለው፣ መንጋጋቸው ሲሠራ እንዳይ።

ዛሬ ታካሚን ብረት አለዎት ወይ አልልም። ወርቅ፣ ብር፣ የጥርስ ሙሌት እያልኩ በየስሙ እጠይቃለሁ። ከዚያም አፍ አስከፍቼ አያለሁ።