ሳልተው የኖርኩት ክፍተት

ሆሳዕና መነጽር ቤት የተቀጠርኩት ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባለቤቱ ጋሽ ከድር የጉራጌ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሌንስ ሰጡኝና በሚሽከረከረው ድንጋይ ሞርጄ ፍሬም ውስጥ እንዳስገባ አዘዙኝ። አብዝቼ ሞረድኩት። ፍሬሙን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

«ማርታ፣ በዚህ ክፍተት የሌሞ ገበሬ ጋሪ ከነፈረሱ ያልፋል!» አሉ።

ደንበኞች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ወዲህ ክፍተት ትቼ አላውቅም።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ድንጋዩን የምናረጥብበት ጣሳ፣ ከውጭ የሚሰማው የጋሪ ደወል፣ ከሞርሲቶ የሚመጡ አዛውንት መነጽር ሲሞክሩ ከደረት ኪሳቸው የሚያወጡት የጸሎት መጽሐፍ አሁንም ትዝ ይሉኛል።

በኢሕአዴግ መጨረሻ ዓመታት ሲስተር አልማዝ የምትባል አዋላጅ ከዳምቦያ መጣች። ለሥልጠና በውሰት የተሰጣትን ምስል የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ መነጽር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ይታያል። ከጎን ዘንጉ የሚነሣው ምስል ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ዓይን ፊት ሲደርስ ይወጣል። እጇን ከወላዷ ሳታነሣ አሠልጣኙ የሚልክላትን ሥዕል ታያለች። ችግሩ ሲስተር ሩቅ አይታያትም፤ የራሷን መነጽር ደግሞ መደረብ አልቻለችም።

«እትዬ ማርታ፣ ነገ ጠዋት ፈተና ነው። ካላየሁበት ለሌላ ጤና ጣቢያ ይሰጡታል። እኛ ጋ ደግሞ ሐኪም የለም።»

ሁለት ሌንስ ሞረድኩ። የቀኙን በዓይን በኩል ከመስታወቱ ጀርባ ለጠፍኩት። የሁለቱን መሃል እንደ ልማዴ በጠራ ማጣበቂያ ሞላሁት። ስንጥር የምታህል ክፍተት አልነበረችውም።

ሲስተር አደረገችው። «በቀኝ በኩል ሥዕሉ ጠፋ» አለች።

አዲስ አበባ ላለው የመነጽሩ ቴክኒሻን ደውላ የሆነውን ነገረችውና ስልኩን ሰጠችኝ።

«እናቴ፣ መሃሉ ላይ አየር አለ?»

«የለም። እኔ ክፍተት አልተውም።»

«እሱ ነው ያጠፋው! ብርሃኑ መስታወቱ ውስጥ እየነጠረ የሚሄደው ውጭው አየር ሲሆን ነው። ሌላ ነገር ሲነካው በዚያው ሾልኮ ይወጣል።»

ማጣበቂያው ገና አልደረቀም። የስፌት ክር አልኮል ውስጥ ነክሬ በመሃሉ ቀስ ብዬ ሳብኩት። ሌንሱ ተላቀቀ። መስታወቱን ጠረግኩ። ከአሮጌ የራጅ ፊልም ትንንሽ ቁራጮች ቆርጬ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ አደረግኩና ሌንሱን በእነሱ ላይ ለጠፍኩት። የግራውንም እንዲሁ ሠራሁ።

ሲስተር አደረገችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሠንጠረዥ እስከ ታች አነበበች፤ ቀጥላ በሥዕሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልን።

ጋሽ ከድር መነጽሩን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አነሡት። አርጅተው ነበር።

«ማርታ፣ ክፍተት አለው» አሉ።

«አለው፣ ጋሽ።»

«ጋሪውስ?»

«ጋሪ አያሳልፍም።»

ያን ቀን እኔም ሳቅኩ።

መነጽሩ ዳምቦያ ቀረ። ለአዳዲስ ባለሙያዎች የምለው አንድ ነገር ነው፤ ክፍተት ስታዩ ከመድፈናችሁ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኩት ከደፈንኩት በኋላ ነው።