ቀዮቹ ሞላዎች

ከዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ መኪኖች ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ የተሠራ ጉብታ አለ። ባለፈው ሳምንት ከክፍል ወጥቼ በዚያ ሳልፍ አንዲት ዝቅ የተደረገች መኪና ልትሻገረው ስትሞክር ሆዷ ጉብታውን ፋቀው። ክርርር የሚል ረጅም ድምፅ ነበር። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን መንገድ ዳር ቆሜ ሳለ ሰውነቴን ሽቅብ ሳብኩት፤ ክብደቴን የምቀንስላት ይመስል።

ያ ድምፅ ድሮ የቤታችን ድምፅ ነበር።

ጦርነቱ ወልድያ ከመድረሱ በፊት ታላቅ ወንድሜ አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና ነበረችው። የሠርግ አጀብ ጡሩምባ እየነፋ በከተማው ሲያልፍ፣ ከፊት ሆና ሙሽሮቹን የምትይዘው ሁልጊዜ መሬት ልትነካ ጥቂት የቀራት መኪና ናት። የወንድሜ የልጅነት ጓደኛ ክረምቱ እንደወጣ ሊያገባ ነበር። ወንድሜም ሙሽሮቹን በእኔ መኪና ነው የምወስዳቸው ብሎ ቃል ገባና መኪናዋን ዝቅ የሚያደርጉ አጫጭር ሞላዎች ከአዲስ አበባ አስመጣ።

በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭነው መጡ። አራት ነበሩ፣ ደማቅ ቀይ። ካርቶኑን ሲከፍተው የወጣው የአዲስ ቀለምና የግሪስ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጋራዥ ወስዶ አስገጥሟቸው ሲመለስ አባቴ ደጅ ቆሞ ጠበቀው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ዕድሜውን የፈጀው የግብርና ባለሙያዎችን ጭኖ የሀብሩ ወረዳን ጭቃና ወንዝ ሲሻገር ነው። ጡጫውን በጎማውና ከላዩ ባለው ፓራፋንጎ መካከል ሊያስገባ ሞከረ። አንድ ጣት እንኳን አልገባለትም።

«ምን በደለችህ? አንበረከክሃት እኮ!»

«አባዬ ደግሞ! ስታይሉ ነው።»

«ስታይል ወንዝ ያሻግራል?»

ወንድሜ የድሮዎቹን ረጃጅም ሞላዎች ለቆራሌው ሊሰጣቸው አውጥቷቸው ነበር። አባቴ ሰበሰባቸው፣ ግሪስ ቀባቸው፣ በጆንያ ጠቀለላቸውና አልጋው ሥር አስገባቸው።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ከጉብታ ጋር ሆነ። ሰው ሞልታ ስትሄድ ሆዷ ስለሚነካ፣ ጉብታ ጋ ስንደርስ ወንድሜ «ውረዱ!» ይላል፤ ሁላችንም ወርደን በእግራችን እንሻገራለን፤ ባዶዋን ታልፍና መልሰን እንሳፈራለን። እናቴ የገበያ ዘንቢሏን እንደያዘች ትወርድና «እኔ መኪና የያዝኩት እንድታሳልፈኝ ነበር፤ እሷን የማሳልፋት እኔ ሆንኩ» ትላለች። የሰፈር ሰው ለምዶን ነበር። «ዛሬም እያሻገራችኋት ነው?» ይሉናል በሩቁ። ወንድሜ ይስቃል። እኔም በዚያች መኪና መሳፈር ከሁሉ በላይ ደስ ይለኝ ነበር። ስንወርድና ስንሳፈር ከሁሉም ሰው ጋር ሰላም እንባባላለን፤ አንድ ቦታ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል።

ሠርጉ ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ።

በዚያ ክረምት አባቴ ከደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ታስሯል። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ወደ ከተማው እየቀረበ ሲመጣ ጎረቤቶቻችን በእግራቸው ወደ መርሳ መውጣት ጀመሩ። አባቴ ግን በእግሩ መሄድ አይችልም። እናቴ ከመርሳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ግራና በሚባል ቦታ የሚያርስ ወንድም አላት። እዚያ ካደረስነው ይተርፋል ተባለ። የነበረችን ያቺ መኪና ብቻ ናት።

ጠዋት ስንጭን አባቴ «አልጋዬ ሥር ያለውን ጆንያ አምጡ» አለ።

«ሰው ዱቄት ይጭናል፣ አንተ ብረት ትጭናለህ?» አለች እናቴ።

«ይጫን ብያለሁ።»

አባቴ በኋላው ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኛ፤ እግሩ እኔ ጭን ላይ ነበር። ጀሶው ይከብዳል፣ የሆስፒታል ሽታም ነበረው። በየጉብታው እኔና እናቴ እንደ ልማዳችን ወረድን። አባቴ ግን አይወርድም። መኪናዋ ክርርር ስትል እሱ የጋቢውን ጫፍ ይነክሳል። እናቴም ከመስኮቱ ጎን እየተራመደች «ቀስ በል፣ እግሩን!» ትለዋለች ወንድሜን። ወንድሜ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያይና ቶሎ ዓይኑን ይሰብራል። ዛሬም ድረስ ያ አስተያየቱ አይጠፋብኝም።

መርሳ ደረስን። ወደ ግራና የሚገባውን የጠጠር መንገድ ይዘን ጥቂት እንደሄድን ውኃው ያነሰ አንድ ወንዝ ጋ ቆምን። ወንድሜ ሞከረ። የኋላዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ጎማዎቹ በባዶ ዞሩ። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥቶ ጮኸ። መንገደኞች ገፍተው ወደ ኋላ መለሱን። ወንድሜ ከመኪናዋ ወርዶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ተሸክሜህ እሻገራለሁ» አለ እያለቀሰ።

«ተነስ» አለው አባቴ። «ጆንያውን ፍታ።»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። «እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?»

«ሳትፈታት ታደርሰን እንደሆን ብዬ ነዋ። ዕቃህን ትወዳታለህ።»

አባቴን ፍራሽ ላይ አውጥተን መንገዱ ዳር ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር አስተኛነው። እዚያው ተኝቶ ሥራውን መራ። ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አስደረገ። «አትቸኩል፣ ብሎኑን ለእህትህ ስጣት» ይላል። ብሎኖቹን በሻሼ ጠቅልዬ ያዝኩ። ሰው በአጠገባችን እየጎረፈ ነበር፤ በሬ የሚነዳ፣ ሕፃን ያዘለች፣ ፍራሽ የተሸከመ። አንዳንዶቹ ዕቃቸውን አስቀምጠው ሳይጠየቁ መኪናዋን ደግፈው ያዙልንና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ለፊቶቹ ጊዜም መሣሪያም አልነበረንም፤ የኋላ ሁለቱ ብቻ ተቀየሩ። ስትቆም ኋላዋ ሽቅብ፣ አፍንጫዋ መሬት ሆነ።

«አሁን ገና ሰገደች» አለ አባቴ። በዚያ ቀን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ሁለቱን ቀያይ ሞላዎች ወንድሜ ከዛፉ ግንድ አስደግፎ ቅጠል አለበሳቸው። «ስመለስ እወስዳቸዋለሁ» አለ። ከዚያ ወንዙን ተሻገርን። ድንጋዩ ጎማውን እንጂ ሆዷን አልነካም። ሳይመሽ ግራና ገባን።

ከወራት በኋላ ወደ ወልድያ ተመለስን። የወንድሜ ጓደኛ ተሰዶ በሄደበት ያለ አጀብ ማግባቱን ሰማን። ወንድሜ የፊቶቹንም ሞላዎች ቀየረና መኪናዋ እንደ ድሮዋ ከፍ አለች። የአባቴ እግር ግን ድኖም አልታጠፍ አለ። መኪናዋ ውስጥ ለመግባት በሁለት እጁ በሩን ይዞ ብዙ ይታገላል። አንድ ቀን በትግሉ መሃል ቆመና «ያ ቀይ ሞላህ ቢኖር ጥሩ ነበር» አለ።

ወንድሜ የሚያሾፍበት መሰለው።

«የምሬን ነው። ዝቅ ስትል ቁጭ ማለት ብቻ ነው፤ መውጣት የለውም።»

ወንድሜ በዚያው ቀን መርሳ ሄደ። ዛፉን አገኘው፤ ከሥሩ ግን ምንም አልነበረም። ሌላ እስኪያስመጣ ድረስ በገዛ እጁ ትንሽ የእንጨት በርጩማ ሠራለት። አባቴ እሷ ላይ እየረገጠ ይገባ ነበር። ሌሎቹ ሞላዎች በአውቶቡስ ሲመጡ አባቴ ካረፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ወንድሜ ካርቶኑን አልከፈተውም።

ባለፈው እሑድ ወንድሜና እናቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ለምሳ ይዘውኝ ወጡ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ በርጩማዋ አሁንም እዚያው፣ እግሬ ሥር ነበረች። ግቢው በር ፊት ያለው ጉብታ ጋ ስንደርስ እናቴ እጇን ወደ በሩ እጀታ ላከች።

«ቀስ በል፣ እግ...» አለችና እጇን ከእጀታው መለሰች።

ወንድሜ ቀስ አለ። እንደዚያን ቀን ወደ ኋላ በመስታወቱ አየ፤ መኪናዋም ምንም ሳትነካ ተሻገረች።