በስሙ የተመዘገበው ፈረስ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። እኔ የወጋኝ ሰውም እንዳይረሳ አድርጌዋለሁ። ሮቤ ውስጥ ጋሪ ባየ ቁጥር ያስታውሰኛል፤ ሮቤ ደግሞ ጋሪ የማያልፍበት መንገድ የለም።

ያን ጊዜ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ከሌላ ክፍለ አገር ተመድቤ ስመጣ በስንዴ ማሳው መሀል የተዘረጋውን ሜዳ መንገድ አየሁና ገና አልጋ እንኳ ሳይኖረኝ ሳይክል ገዛሁ። ሴት ሳይክል ስትነዳ ማየት ለከተማው አዲስ ስለነበር መጀመሪያ ሰሞን የሻይ ቤቱ በረንዳ ሁሉ አንገቱን ያዞርብኝ ነበር። ኋላ ለመዱኝ። ባለሱቆቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "ቲቸር፣ አካም ጂርታ? ጎባ ደርሰሽ መጣሽ?" እያሉ ይጣሩ ጀመር፤ ሳልነዳ የዋልኩ ቀን ደግሞ ታምሜ እንደሆነ ይጠይቁኛል።

ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞችና ሁለት የከተማው ነጋዴዎች ሆነን ክለብ አቋቋምን። ሰብሳቢያችን እንደኔው ከሩቅ የመጣ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ሲያስገመግም እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ሰው ነበር። "እህቴ" ሳይል አያናግረኝም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እኔም "እርስዎ" እለው ነበር።

አንድ ጊዜ ዲንሾ ቀይ ቀበሮ ሊያይ የመጣ ፈረንጅ አብሮን ነድቶ ሲለየን ጂፒኤሱን ለክለቡ ሰጥቶን ሄደ። የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ የሳይክሉ መሪ ላይ የምትታሰር ዕቃ ናት። የተሄደበትን መንገድ፣ ፍጥነቱን፣ የተወጣውን ዳገት ሁሉ ትመዘግባለች። እሷ አንድ፣ እኛ ብዙ ስለሆንን እንደ ዕቁብ ተራ አወጣንላትና በየሳምንቱ አንዳችን እንይዛት ነበር።

የመዘገበችው ግን እዚያው ሆዷ ውስጥ ከቀረ ማንም አያየውም። ወደ ስልክ፣ ከስልክም ወደ ኢንተርኔት መግባት አለበት። ገመዷን ፈረንጁ ረስቶ ይዞት ሄዷል፤ ስለዚህ የቀረን ያለ ገመድ ማስተላለፍ ነው፤ ወይ በብሉቱዝ፣ ወይ በዋይፋይ። ለዚህ የሚሆን ስልክ ያለው ደግሞ ሰብሳቢው ብቻ ነበር። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ፣ ከመደወልና ከመብራት ሌላ ሥራ የማያውቅ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ሻይ ቤት እንሰበሰባለን፣ ባለ ተራው መሣሪያዋን ስልኩ አጠገብ ያስቀምጣል፣ ትንሽ ቆይታ ጢቅ ትላለች፣ ሰብሳቢው "ገባ!" ይላል። ዳታ በአካባቢው ሲዘጋ፣ በዚያ ዘመን መዘጋቱ ብርቅ አልነበረምና፣ ዋይፋይ ወዳለው ጎባ ወደሚገኝ ሆቴል ይዟት ይሄድና ሲመለስ እንደገና "ገባ" ይለናል። እኛም ደስ ብሎን ሻያችንን እንጠጣለን። የት ገባ? በማን ስም ገባ? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ስልኩ የክለቡ ስልክ፣ ሰብሳቢው የክለቡ ታላቅ ወንድም መስሎን ነበር።

በእኔ ተራ ከጎባ በላይ ያለውን ተራራ፣ ሰነቴን ወጣሁ። ከጎባ ተነስቼ ኮረኮንቹን፣ ከዚያ የአስታውን ጫካ፣ ከዚያ ጅብራ ብቻ የቆመበትን ቀዝቃዛ ሜዳ ሳልወርድ፣ አንድም ቦታ ሳይክሌን ሳልገፋ። ነፋሱ ከጀርባዬ ነበር፤ እንዲያ ያለ ቀን ሰነቴ ላይ ስንቴ ይገኛል? አናት ላይ ስደርስ ከፍልፈሎቹ በቀር የሚያየኝ አልነበረም። ጮክ ብዬ እልል አልኩ። በሕይወቴ ለራሴ እልል ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከአዲስ አበባ የሳይክል አሠልጣኞች እንደሚመጡ ተሰማ። ከየከተማው አንድ አንድ ሰው ለልምምድ ሊመርጡ ነው፤ የሚመርጡትም ኢንተርኔት ላይ የተመዘገበውን ጉዞ አይተው ነው። ሰነቴን ይዤ ማን ይቀድመኛል ብዬ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። በማግስቱ አስተማሪዎች ክፍል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን አሳየችኝ። "የክለባችሁ ሰብሳቢ ግን ጎበዝ ነው፤ እይ፣ ሰነቴን ወጥቶታል" አለችኝ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ፎቶው አለ፤ ከሥሩ ስሙ፤ ከስሙ ሥር የእኔ ተራራ። ቀኑ የእኔ፣ ደቂቃው የእኔ። ከሥር ደግሞ ሰው ሁሉ "አንበሳ!" "ጀግና!" እያለ ጽፎለታል። እሱም ለእያንዳንዱ "አመሰግናለሁ፣ ከባድ ነበር" ብሎ መልሷል። እሱ ከጎባ በላይ በሳይክል ወጥቶ አያውቅም።

ቢሮው ድረስ ሄድኩ። "ያ ተራራ የእኔ ነው" አልኩት።

"እህቴ፣ በአጋጣሚ ነው እኮ። መሣሪያዋ ከእኔ ስልክ ጋር ስለተሳሰረች የገባው ሁሉ በእኔ ስም ይገባል። የክለብ አይደለም እንዴ? እኔና አንቺ ምን ልዩነት አለን?"

"እንግዲያው ለሚመጡት ሰዎች የእኔ መሆኑን ይንገሩልኝ።"

መነጽሩን በጣቱ አስተካከለ። "አሁን እንዲህ ብንላቸው ያደናግራቸዋል። ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን ሰነቴን ወጣች ብንል ማን ያምናል? ስምሽን ከማስጠፋ እኔ ብሸከመው ይሻላል።"

ስሜን ወስዶ ስሜን የሚጠብቅልኝ ሰው። ደሜ ፈላ። በዚያች ቅጽበት "እርስዎ" ከአፌ ወጥቶ ሄደ። "አንተ ሌባ" አልኩትና በሩን በርግጄ ወጣሁ። ቁጣ ግን ብቻውን ተራራ አያስመልስም።

እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ የመሣሪያዋ ተራ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። በር ዘግቼ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ነካካሁ፤ የተጻፈውን ሁሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር አነበብኩ። ስልክ የሚል ምርጫ አላት፤ ስከፍተው የእሱ ስልክ ስም። ዋይፋይ የሚል አላት፤ እሱም የተከፈተው በእሱ ስም። በየትኛውም በር ብትገባ የምትደርሰው እሱ ቤት ነው። ከዚያ በታች አንድ ምርጫ አየሁ፤ ከተሳሰረችበት ስልክ አጠገብ ስትደርስ ማንም ሳይነካት የያዘችውን ራሷ እንድታስገባ የሚያደርግ። በርቷል። መጀመሪያ ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ተውኩት፤ ብቻዬንም ሳቅሁ። የመጣው ሁሉ በስሙ ይግባለት አልኩ።

እንግዶቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሮቤ ሆቴል አደሩ። ሰብሳቢው በጠዋት ሄዶ ቁርስ ሊያበላቸው፣ ቀኑን ሙሉም ላይለያቸው መሆኑን ቀድሞ አውርቶ ነበር። "ከሰዓት መሣሪያዋን ይዘሽ ነይ፣ እንዳሳያቸው" ብሎም ልኮብኛል። እኔ ግን በጠዋት የሄድኩት ሁልጊዜ ደጄ ላይ ወደሚያልፉት ጋሪ ነጂ ነው። ጢማቸውን ሂና የቀቡ የከተማው አባት ናቸው፤ ፈረሳቸው ሽማግሌ ዳማ ነው።

"አባቴ፣ ይቺን ዛሬ ጋሪው ላይ ልሰርልዎት?"

"ራዲዮ ናት?"

"አይደለችም። ፈረሱ የት የት እንደዋለ ትናገራለች።"

"ፈርዲ ኮ፣ ፈረሴማ የት እንደሚውል እኔም እነግርሻለሁ። ወፍጮ፣ ገበያ፣ ደግሞ ወፍጮ።" ሳቁና "ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አሉኝ።

የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ጠፋ። "የሰው ላብ ሐራም ነው፣ ወላሂ" ብለው ገመዱን ራሳቸው አመጡ። መሣሪያዋን ከጋሪው ጣውላ ጋር ካሰርን በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለባለቤቴ እንዳታሳይ ብቻ፤ ጫት ተራም ትንሽ እቆማለሁ" አሉኝ።

እኔ ሆቴሉ ሄጄ ከሌሎቹ የክለብ አባላት ጋር ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው እንግዶቹን ቁርስ አብልቶ፣ ምሳ አስከትሎ፣ ስለ ሰነቴ ያወራል። ነፋሱ እንዴት ፊቱን እንደገረፈው ሁሉ ነገራቸው። ነፋሱ እኮ ከጀርባ ነበር፣ አንተ ቀጣፊ፣ እላለሁ በሆዴ። የስልኩን ዳታ አብርቶ ገጹን ከፈተና ለሴትየዋ እንድታየው ሰጣት። ወዲያው ከደጅ የጋሪው ቃጭል ተሰማ። ወጣሁ፤ መሣሪያዋን ፈትቼ ጉዞው አብቅቷል የሚለውን ተጫንኩና ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

ጢቅ አለች።

"አዲስ ጉዞ ገባልዎት" አለች ሴትየዋ፣ ስልኩን እንደያዘች። ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ። "የዛሬ ነው። ከጠዋት የጀመረ... አሁን ያለቀ።" ቀና ብላ አየችው። "ከጠዋት ጀምሮ አብረውን አልነበሩም እንዴ?"

ሰብሳቢው ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ወንዱ አሠልጣኝ ጎንበስ ብሎ ካርታውን አየ። "ወፍጮ ቤት ሦስቴ ሄደዋል" አለ። "እዚች ቦታ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ቆመዋል።" ከክለቡ ነጋዴዎች አንዱ አየና "እሷማ ጫት ተራ ናት" ብሎ ነገረው።

ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። "ዛሬ በስሙ ሲሄድ የዋለው ያ ነው" አልኩ። ዳማው መስኮቱ ሥር ቆሞ ገለባ ያላምጣል። ጋሪ ነጂው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለእንግዶቹ ሰላምታ ሰጡ። ሳቁ መጀመሪያ ከአስተናጋጇ ነው የመጣው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። እሱን ነበር የማየው። መነጽሩን አውልቆ ነበር፤ ዓይኖቹን ያን ቀን ነው በደንብ ያየኋቸው። ይበልህ አልኩ። ዛሬም ቢሆን ይበለው እላለሁ።

"ሰነቴን የወጣው ማነው ታዲያ?" አለች ሴትየዋ።

"ነገ መኪናችሁን ይዛችሁ ከኋላዬ ኑ" አልኳት።

በማግስቱ መሣሪያዋን ከራሷ ስልክ ጋር አሳስራ ሰጠችኝ። በረዶ ዘነበብኝ፣ ነፋሱም በዚያ ቀን በእርግጥ ፊት ይገርፍ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን እጅግ ዘግይቼ ደረስኩ። ግን ሳልወርድ ደረስኩ። አናት ላይ ሴትየዋ ከመኪና ወርዳ አቀፈችኝ፤ የተመረጥኩትም እኔ ነኝ። ሰብሳቢው እንዲመጣ ተጠርቶ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከተማው አልማረውም። ጋሪ ነጂዎቹ በመሥሪያ ቤቱ በር ሲያልፉ "ሰብሳቢ፣ ዛሬ ወፍጮ አይሄዱም?" ይሉታል። ፈረሱን ከገጹ እንዳያጠፋው ማጥፊያውን አያውቅም፤ ሲነካካ ተራራውም አብሮ እንዳይጠፋበት ፈራ። አያችሁት? በተዋረደበት ቀንም የሰረቀውን ተራራ አልለቀቀም። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከብኝ። የከተማው ሁለት አባቶች መጡ፤ የፈረሱ ባለቤት ናቸው ተብሎ ጋሪ ነጂውም ተጨመሩ። እሱም ከኋላቸው ገብቶ ተቀመጠ።

"ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ ይቅር በይው። ፈረሱን አጥፊለት" አሉኝ ትልቁ።

"ሽማግሌ አላሳፍርም" አልኩ። "አሁኑኑ አጠፋለታለሁ፤ አንድ ጣት ነው። እሱም አንድ ነገር ያድርግልኝ። ከዚያ ተራራ ሥር አንድ መስመር ይጻፍ፤ ይህን የወጣችው እሷ ናት ብሎ ስሜን ያስቀምጥ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይሄማ ትንሽ ነገር ናት" አሉ። እሱ ስልኩን አወጣ። ተራራውን ከፈተ። መጻፊያው መጣለት፤ አውራ ጣቱ ከፊደሎቹ በላይ ቆመ። ጠበቅነው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ፤ ሰነቴ ያላወጣው ላብ። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተው።

"ይቅር፤ ፈረሱ ይኑር" አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሪ ነጂው ተነስተው ከዘራቸውን ያዙና "እንግዲያው ገለባውን ይቻል" ብለው ወጡ።

አሁን እኔም ስማርት ስልክ አለኝ። አንዳንድ ጊዜ ገጹን እከፍታለሁ። ከዚያ ወዲህ ምንም ስላላስገባ መጀመሪያ የሚመጣው ፈረሱ ነው፤ ወፍጮ፣ ገበያ፣ ወፍጮ። ወረድ ስል ሰነቴ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ፍጥነት ያልደገምኩት ያ ቀን፣ በእሱ ስም። አንድ መስመር ነበር የጠየቅሁት። ስሜን ከመጻፍ ፈረስ መባልን መረጠ። ተራራዬ ጋ ስደርስ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ ያኔ መልሼ ወደ ላይ፣ ወደ ፈረሱ እመለሳለሁ።