የደምሴ ቋጠሮዎች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሰላም ከትምህርት ቤት የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ልጇ ናሆም ኦቲዝም አለበት ከተባለ ሁለት ዓመቱ ነው። «በዚህ ወር ልጅዎ ስንት ጊዜ ተመታ? ስንት ጊዜ ተሰደበ? ስንት ጊዜ ከጨዋታ ተገለለ?» ይላል ወረቀቱ። ሰላም እስክሪብቶዋን አዘጋጀችና የልጁን አገጭ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ናሆምዬ፣ እየኝ እስቲ! ማን ነው የሚመታህ?»

አገጩን ስትይዘው ወንድሜ ደምሴ ትዝ አለኝ።

እኛ ከጓሳ ደጋ ማዶ ያለችው የራቤል ሰዎች ነን። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ዘጠነኛ ክፍል ስማር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጓሳን በእግሬ አቋርጬ ቤቴ እገባ ነበር። ጉሙ ከፊቴ የሚሄደውን መንገደኛ ይውጠዋል፤ በረዶ ሲጥል ሣሩ ነጭ ይሆናል፤ በስልቻ የያዝነው በሶ ሳይቀር ይረጥባል።

ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ያኔ ዐሥር ዓመቱ ነበር። የሰው ዓይን አያይም፣ ሲነኩት ይሸማቀቃል፤ ዳዊትን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይወጣዋል። እንዲህ ላለ ልጅ የሚሆን ስም አገራችን አልነበረውም። «የዋህ ነው» ይሉና ያልፉታል። የዋህ የተባለ ልጅ መንደር ውስጥ ምን እንደሚገጥመው ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ከተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ጠየቅሁ።

አንድ ቀን ደምሴ ከቄስ ትምህርት ቤት በስብሶ፣ ጣቶቹ ተገጣጥበው ሲመሽ መጣ።

«የት ቆየህ?»

«ስቆጥር።»

«ምን?»

«የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ድንጋይ። ታደለ ሳትጨርስ ከሄድክ ትኮነናለህ አለኝ።»

ታደለ ከተማሪዎቹ ትልቁ ነው። በማግስቱ መምህራቸው የኔታ ዘንድ በረርኩ። «ልጁ አንድ ቀን አልቅሶ አያውቅም፤ ያላለቀሰ ልጅ ተበደለ ብዬ ማንን ልቅጣ?» አሉኝ። ታደለም ከበስተኋላ፣ «እየተጫወትን ነው እኮ፣ እትዬ ደብረ ብርሃን!» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ነገር የሚመዝኑ ሰው። «አንድ ጊዜ ከሆነ ልጅነት ነው» አሉኝ። «በየቀኑ ከሆነ ግን ራሴ እሄዳለሁ። ቆጥረሽ አምጪልኝ።»

እናቴ ማታ ለምንለብሰው ዝተት ከምትፈትለው ጥቁር የበግ ጠጉር ረዘም ያለ ክር በጠስኩና ለደምሴ ሰጠሁት።

«ያስከፋህ ሰው ሲኖር አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለህ።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ክሩን መቀነቱ ውስጥ ሸጎጠ። በአንዱና በሌላው ቀን ቋጠሮዎች መካከል አንድ ስንዝር ባዶ ይተው ስለነበር ሰኞን ከማክሰኞ መለየት ይቻላል። ሰኞ አምስት፣ ማክሰኞ ሰባት። ልቤ ቢቃጠልም ደስ አለኝ፤ አባቴን የማስነሳበት ማስረጃ እጄ ገባ። በየማታው ደምሴን አስቀምጬ «ይቺ የማን ናት? ይቺስ?» እያልኩ አፋጥጠው ነበር።

እሑድ ግን ሦስት ቋጠሮ ተገኘ። እሑድ ትምህርት የለም፤ ከቅዳሴ መልስ በረዶው ስለጣለ ደምሴ ከደጃፍ አልወጣም። ከሰው ወገን የገባችው እሳት ልትጭር የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ብቻ ናት። እዚያው ጠረጠርኳት። ባለፈው ዓመት በጋችን ገብሷን የበላባት ጊዜ እንዴት እንዳየችን ትዝ አለኝ። ፍልሰታ ስለነበር የተልባ ፍትፍት ይዛልን ስትመለስ እንኳ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ልትሸፍን ነው ብዬ ሳልቀምሰው ቀረሁ።

ሰኞ ጠዋት ደምሴን በር ላይ ያዝኩት። አገጩን ጨብጬ ፊቱን ወደ ፊቴ አዞርኩ።

«እየኝ! እሑድ ያስከፋህ ማን ነው? እትዬ ዘነቡ ናት?»

ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ወደ መቀነቱ ሰደደ፣ ክሩን አወጣና እዚያው ፊቴ አንድ ቋጠሮ ቋጠረ።

እጄን ከአገጩ አነሣሁ። እሑድም ሦስት ጊዜ እንዲሁ አገጩን ይዤ አፋጥጬው ነበር፤ ሦስቱም የኔ ነበሩ። ደምሴ ክሩን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ።

ያን ጊዜ ያደረግሁትን ለሰላም እንኳ ነግሬያት አላውቅም። አራቱን ቋጠሮዎች በጥፍሬ ፈታኋቸው። አባቴ የኔን ካዩ የታደለን ይተዉታል ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው። ከዚያ ክሩን ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁ። አባቴ እንደ መቁጠሪያቸው በጣታቸው እየዳሰሱ መቁጠር ሲጀምሩ ደምሴ ከፊቱ ውሃ እየተንጠባጠበ ገባ።

«አራት ጎድሏል» አለ።

ክሩን ከእጃቸው ወሰደና አራቱንም በየቦታቸው መልሶ ቋጠራቸው። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«የኔ ናቸው» አልኩ።

ክሩን ከደምሴ ተቀብለው ጠቀለሉት። «እንግዲያው የኔታ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አሉ። «ቀድመሽ የራስሽን ትናገሪያለሽ።»

በተማሪዎቹ ፊት ተናገርኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ የኔታ ክሩን ተቀብለው ታደለን ጠሩት፤ ተገረፈ። ከዚያ ወዲያ ቅጥሩን ያስቆጠረው የለም። ክፋቱ ግን ጠፋ ወይስ ተደበቀ? ዛሬም እጠራጠራለሁ። ደምሴ የዚያን ክረምት ክሩን መልሶ አልያዘልኝም፤ እኔም አገጩን ዳግመኛ አልነካሁም።

ሰላምን «እጅሽን አንሺ» አልኳት። ደነገጠችና አነሣች። ናሆም ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የእስክሪብቶውን ክዳን ማሽከርከር ጀመረ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ስለ ተማሪ፣ ስለ መምህር፣ ስለ መንገድ ይጠይቃል። ስለ እኛ ስለ ቤተሰቦቹ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለበትም።

«ከሥር ባዶ ቦታ አለ» አልኳት። «ሌላውን ከመሙላትሽ በፊት የዛሬዋን የራስሽን አንዷን እዚያ ጻፊ።»