መጨረሻ ብቻ የሚያውቀው መጋረጃ ሳቢ

ጋሽ መጋረጃ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ የሙዚቃ አዳራሽ መድረክ ጥግ ቆሞ መጋረጃ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ ሰው በሌላ በምን ይጠራ? ሚስቱ እንኳ ስትናደድ "አንተ መጋረጃ!" ነው የምትለው። የራሳቸው ቤት መስኮት መጋረጃ ደግሞ ከዘንጉ ወልቆ በሚስማር ከተሰቀለ ሁለት ዓመት አልፎታል። "የሰው መጋረጃ ሲጎትት ይውላል፣ ለቤቱ ሲሆን እጁ አይነሳም" እያለች ላገኘችው ሁሉ ታማዋለች። እሱ ይስቃል። ምን ያድርግ፣ እውነቷን ነው።

ሥራው ቀላል ይመስላል አይደል? ገመድ መሳብማ ማንም ይስባል። ቁም ነገሩ መቼ ይሳባል ነው። ትንሽ ከቀደምክ ዘፋኙ አፉ ላይ ዘጋህበት። ትንሽ ከዘገየህ ደግሞ ሰውየው እጅ ነስቶ ሲያበቃ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት እንደተገተረ ይቀራል። ጋሽ መጋረጃ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። የማንኛውንም ዘፈን መጨረሻ ብቻ ይይዛል። ልምምድ ላይ ዘፋኙ ሲጀምር እሱ መዘውሩን ዘይት ይቀባል፣ ገመዱን ይፈትሻል፣ ከጥበቃው ጋር ወሬውን ይሰልቃል፤ ወደ ማለቂያው ሲጠጋ ግን ጆሮውን ይጥልና የመጨረሻዋን ስንኝ በኪስ ደብተሩ ይጽፋታል። መጀመሪያውና መሃሉ የእሱ ጉዳይ አይደለም። ደብተሮቹ ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ የዘፈን ጭራ ተጽፏል፤ ራስ ያለው ግን አንድም የለም።

ዘዴው ሃያ ሰባት ዓመት ሠራለት፤ በቀደም ግን ጉድ አደረገው። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች መጣ። ቃል የለው፣ ስንኝ የለው። ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለና ዓይኑን ጨፈነ። አዳራሹም ጸጥ አለ። ጋሽ መጋረጃ "አለቀ" ብሎ ገመዱን ሳበው። ለካ ሰውየው ዝም ያለው ሊቀጥል ኖሯል! ዝምታውም የሙዚቃው አካል ነው አሉ። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ቫዮሊኑ ከውስጥ ሲቀጥል ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተጫዋቹ ግን አልሳቀም፤ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅም አልሳቀችም።

በማግስቱ ቢሮዋ አስጠራችው። "ጋሼ፣ እንደ አባቴ ነው የማከብርዎት። ግን አንድ ጊዜ ከደገሙት ሞተር አስገጥማለሁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ የመብራት ሠራተኛዋ ትጫነዋለች።"

"ሙዚቃው ማለቁን ለሞተሩ ማን ይነግረዋል?"

"ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?" አለችው።

ሲወጣ በሩ ላይ የተለጠፈውን የመጪውን ሳምንት ዝግጅት አነበበ። ሐሙስ ብቻውን የሚጫወት ዓይነ ስውር አኮርዲዮኒስት። ዓርብ ሦስት ወጣቶች ከኮምፒውተራቸው ጋር። ቅዳሜ አርባ ሰው ያለበት ኳየር። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ መድረክ የምትመለስ አንጋፋ ዘፋኝ። ወይ የኔ ጣጣ! አለ በሆዱ። ከድጡ ወደ ማጡ።

እንግዲህ ደብተሩን ይዞ እያንዳንዱን "መጨረሻችሁ የት ነው?" ብሎ ሊጠይቅ ተነሣ። አኮርዲዮኒስቱ፣ "ሲደክመኝ" አለው። ከወጣቶቹ አንዷ ኮምፒውተሯን እየነካካች፣ "የእኛ አያልቅም ጋሼ፤ እየቀነሰ እየቀነሰ ይጠፋል እንጂ" አለችው። "ታዲያ ቤታችሁ የምትገቡት መቼ ነው?" ቢላት ተሳሳቁበት። የኳየሩ መሪ ባሰ፤ "እኛ እየዘመርን ከመድረክ ወርደን በሕዝቡ መሃል ነው የምንጨርሰው" አለ። "መጋረጃው ታዲያ ማንን ይሸፍናል?" አለው ጋሽ መጋረጃ። እስቲ ፍረዱ፣ በዚህ ዘመን መጨረሻ ያለው ነገር ጠፋ ማለት ነው?

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት፣ "አንተ ደግሞ፣ ጭብጨባ ሲሰማ ሳበው፤ ሌላ ምን ጥበብ አለው?" አለችው።

"ቀድመው ቢያጨበጭቡስ?"

"እንግዲያው እነሱም እንደ አንተ ዞሮባቸዋል ማለት ነዋ።"

ሐሙስም ዓርብም በመከራ አለፉ። አኮርዲዮኒስቱ ጨርሶ ሲቆም ጋሽ መጋረጃ የቫዮሊኑን ፈርቶ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ በኋላ ሰውየው ራሱ "ኧረ እዚህ ቤት መጋረጃ የለም እንዴ?" አለ። በወጣቶቹ ጊዜ ደግሞ ድምፁ ማለቁና አለማለቁ መላ ቅጡ ቢጠፋበት ትንሽ በትንሽ ዘጋው። ወጣቶቹ መጥተው "እንዴት ገባዎት!" ብለው ሳሙት። ምን እንደገባው እሱ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አንጋፋዋ ዘፋኝ መድረኩን ልታይ ከልጇ ጋር መጣች። ጋሽ መጋረጃ ልቡ ረጋ አለ። እሷን ያውቃታል፤ ሥራ በጀመረበት ዘመን ስንት ጊዜ ዘግቶላታል። የታወቀችበት ዘፈን አራት አንጓ ነው፤ የአራተኛውን ጭራ በአሮጌ ደብተሩ አግኝቶታል። ዘፋኟ ጉሮሮዋን ለነገ ልታቆይ ማይክሮፎኑን በሁለት ቃል ብቻ ሞከረችና ተቀመጠች። በዚህ መሃል አርባ ዓመት የሚሆናት ልጇ ወደ ገመዱ ጥግ መጣች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። እማዬ ነገር መርሳት ጀምራለች። እኔንም አታውቀኝም፤ 'ሲስተር' ትለኛለች፣ ነርሷ እመስላታለሁ። ዘፈኑ ሦስተኛው አንጓ ላይ ግን ስሜ አለ። ስወለድ ነው የጨመረችው። እዚያ ስትደርስ ቀና ብላ ታየኛለች። አንድ ደቂቃ ታህል ልጇ እሆናለሁ።" ዓይኗን ጠረገች። "ሐኪሙ ከነገ በኋላ መድረክ የሚባል የለም ብሏል። ብትቆም እንኳ እባክዎ አይዝጉባት። ሦስተኛው ላይ ትድረስልኝ።"

"ብትረሳ አንቺ ከጎን ሆነሽ ለምን አታስታውሻትም?"

"ስሜን እኔው ነግሬያት ብትጠራኝ ምን ዋጋ አለው ጋሼ?"

"በልጆቼ ይሁንብኝ" አላት፤ "ገመዱ በእኔ እጅ ነው።" ቃል ሲገባ እንዴት እንደሚጠብቀው አላሰበም። ሰው ሲያለቅስ ፊቱ ያለው ሁሉ ቃል ይገባል።

ቅዳሜ ማታ ኳየሩ በሕዝቡ መሃል ሲጨርስ እሱ ባዶ መድረክ ዘጋ። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ መጋረጃ ከፈተ። ልጇ ከኋላው የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ዘፋኟ ወጣች፤ የመጀመሪያውን አንጓ አለችው፤ ወይ ድምፅ! የሰባ ዓመት ሴት አይመስልም። ሁለተኛውን አለችው። ከዚያ ቆመች።

አጃቢ ሙዚቀኞቹ መግቢያውን ደገሙላት። ፈገግ ብላ ቆመች። እንደገና ደገሙላት። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ከመድረኩ ማዶ ሥራ አስኪያጇ እጇን እያወናጨፈች፣ ዝጋ! ዝጋ! ትላለች። ከኋላው ልጅቷ ጡጫዋን ነክሳ ተቀምጣለች። ጋሽ መጋረጃ ግራ ገባው። ይሄ ዝምታ የቱ ዝምታ ነው? የሚቀጥለው ነው ወይስ ያለቀው? ቢዘጋ ቃሉን በላ። ባይዘጋ አሮጊቷ ሰው ፊት እርቃኗን ቀረች፤ እሱም ለሞተር ቦታውን ለቀቀ። ገመዱን ያዝ ለቀቅ ያደርጋል።

ይሄኔ ዘፋኟ ማይክሮፎኑን ወደ ታች አድርጋ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ጥግ መጣች። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ሕፃን እያየችው፣

"ወንድሜ፣ ጨረስኩ እንዴ?" አለችው።

"አ... አልጨረሱም እትዬ።"

"ምን ቀረኝ?"

ምን ይበላት? ሦስተኛውን ሰምቶት አያውቅ! ያን ሁሉ ዓመት ሦስተኛው ሲዘፈን እሱ መዘውሩን ዘይት ሲቀባ ነበር። አሮጊቷ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። አእምሮው ገና ሳያስብ ምላሱ የለመደውን አወጣ፦

"በሩን አትዝጉብኝ ጥቂት ብዘገይም፣
መንገድ ጀምሬያለሁ መምጣቴ አይቀርም።"

ፊቷ በራ። "እሱማ!" አለች። ዞራ ወደ መሃል ሄደች፤ ማይክሮፎኑን አነሣችና ያንን የመጨረሻ ስንኝ እንዲህ አድርጋ አወረደችው፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መላለሰችው። ድምፁ ሲያርፍ የጋሽ መጋረጃ እጅ ሃያ ሰባት ዓመት እንደለመደው ገመዱን ሳበ። ልክ በሰዓቱ! መጋረጃው መሃል ላይ ሲገጥም ነው ሦስተኛው መዘለሉ የገባው።

ሥራ አስኪያጇ እየሮጠች መጥታ አቀፈችው። "አዳኗት ጋሼ! ሞተር የሚባል ነገር አልሰማም!" እሱ አልሰማትም። ዞሮ ልጅቷን አየ። እንደተቀመጠች ናት። የመድረክ አልባሿ ዘፋኟን ደግፋ ወደ ልብስ መቀየሪያው ስታልፍ እናት ልጇን አየት አድርጋ፣ "ጤና ይስጥልኝ ሲስተር" ብላት ሄደች።

"ልጄ..." አለ ጋሽ መጋረጃ። "እኔ መጨረሻውን ብቻ ነው የማውቀው።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ሰው ፊት እንዳታፍር ብለው ነው።"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ተሳስቷል ወይስ ደግ ሠርቷል? አዳናት ወይስ ዘረፋት? ከመጋረጃው ወዲያ ሕዝቡ ገና ያጨበጭባል፤ እዚህ ደግሞ አንዲት ሴት ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተው።

"ሦስተኛውን በጭራሽ ሰምተውት አያውቁም?" አለችው።

"አላውቅም። ጊዜዬን በዘይት ጨረስኩት።"

"ልበልልዎ?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ልጅቷ ተነሥታ፣ የገመዱን ምሰሶ ተደግፋ፣ በቀስታ ዘፈነችው። ስሟ ሲመጣ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ግን አላቋረጠችም። ጋሽ መጋረጃ ቆቡን አውልቆ ቆመ። የዘፈን መሃል እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ቀና ሲል ዘፋኟ ካፖርቷን ለብሳ፣ አልባሿን ተደግፋ የልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ። ልጅቷም አየቻት፤ መዝፈኗን ግን አላቆመችም። አሮጊቷ ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ወደ ጋሽ መጋረጃ ጠጋ ብላ፣

"ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እኮ" አለችው። "ለማን ነው የምትዘፍነው?"

ልጅቷን አየ፣ እናቲቱን አየ።

"ለእናቷ ነው እትዬ።"

"አይ እናቷ" አለች ዘፋኟ የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች፤ "ታድላ!"